ልበ ደንዳናው አባቴና ሥጋ ያልቀመሰው እንግዳ

የእንግሊዝኛ መምህርት ከሆንሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ተማሪዎቼን በየዓመቱ ከሚያስቸግሯቸው ትምህርቶች አንዱ፣ ሁለት ቃላት በአንዲት አጭር ሰረዝ ተጣብቀው እንደ አንድ ቅጽል ሰውን የሚገልጹበት ነው። "ቲቸር፣ ሃርድ-ሃርትድ ማለት ምን ማለት ነው?" ይሉኛል። ትርጉሙ አያስቸግርም፤ ልበ ደንዳና ማለት ነው። አጠቃቀሙን ለማስረዳት ግን ወደ ቆቦ መመለስ ይኖርብኛል፤ ወደ ደርግ ዘመን፣ ዝናቡ ገና ወዳልከዳን ጊዜ፣ እኔም አሥረኛ ክፍል ወደነበርሁበት ዓመት። የክፍለ ጊዜው ደወል ስለሚቀድመኝ ሙሉውን ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የሚያቋርጠኝ ደወል የለምና ለእናንተ ላውራው።

ቤታችን ከቆቦ ወደ ዋጃ ከሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብሎ ነበር። ያኔ የራያ ሜዳ ማሽላ ሲያፈራ ሰው ይሰውር ነበር። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳቸው ለመጥለፍ ወንዶች እየተጠራሩ ሲሮጡ፣ እኛ ልጆች ደግሞ ጫማችንን አንጠልጥለን ጭቃውን እየተሻገርን ትምህርት ቤት እንሄዳለን። ፀሐዩ ሳይበረታ ለመድረስ ማልደን እንነሳ ነበር። ስንመለስ ግን ምንም ማምለጫ የለም፤ የቆቦ ሙቀት አናት ላይ ይቀመጣል። ዛሬም ሌላ አገር ሆኜ ፀሐይ ስትበረታብኝ ደስ የሚለኝ በዚያ ምክንያት ይመስለኛል።

አባቴ ወዳጆ ይባላል። ያርሳል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ፍየሎቹን እየነዳ ቆቦ ይወርዳል። ዝምተኛ ነው። ከእሱ አፍ ቃል ከማውጣት ከደረቀ ጉድጓድ ውሃ መቅዳት ይቀላል። እኔ ደግሞ በተቃራኒው አፌ የማያርፍ ነበርሁ፤ እናቴ "ይህችን ከማን ወለድኋት?" ትል ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ከዋጃ ሽማግሌዎች መጡ። እኔ ውሃ ቀድቼ ስመለስ እየተመራረቁ ሲወጡ አገኘኋቸው። በማግስቱ እናቴ ሹሩባ እየሠራችኝ ሳለ እጇ ድንገት ቆመ።

"ዝናሽ፣ አባትሽ ቃል ሰጥቷል" አለችኝ።

"የምን ቃል?"

"ጥር ላይ ትዳሪያለሽ። የደህና ሰው ልጅ ነው፤ ግመልም ከብትም አላቸው።"

ፀጉሬ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ተበትኖ ብድግ ብዬ ወጣሁ። አባቴን ከፍየሎቹ በረት አገኘሁትና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፍሬ "አባዬ፣ ትምህርቴስ?" አልሁት። የአንዲቱን ፍየል ሰኮና ይዞ እያየ ነበር። ቀና እንኳ ሳይል "እስቲ ይህችን ያዢልኝ" አለኝ። ያዝሁለት። ከሰኮናዋ እሾህ ነቅሎ ለቀቃትና ሄደ። መልሱ ይኸው ነበር።

ትምህርት ማለት ለእኔ ያኔ ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ከቤታችን ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ነበር። ከእኔ በፊት ከመንደራችን አሥረኛ ክፍል የደረሰች ሴት አልነበረችም። ከጥር በኋላ ያ ሁሉ ሊዘጋብኝ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴን በልቤ ድንጋይ ብዬ ጠራሁት።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ሚስተር ራጋቫን የሚባል ህንዳዊ ነበር። ቀጭን ነው፤ በዚያ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ዝናብ በማይጠበቅበት ቀን ጃንጥላ ዘርግቶ ይሄዳል። የገበያ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። "እሺ" ሲል ራሱን የሚወዘውዘው እኛ "እምቢ" ስንል እንደምናደርገው ስለነበር፣ የመጀመሪያውን ወር ሽንት ቤት ለመሄድ የጠየቀ ሁሉ የተከለከለ መስሎት ተመልሶ ይቀመጥ ነበር።

እነዚያን ባለ ሰረዝ ቅጽሎች ያስተማረን እሱ ነው። ኦፕን-ሃንድድ ብሎ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ ከኋላ አንዱ "እጀ ሰፊ! እኛም አለን!" ብሎ ጮኸ። ከዚያማ ክፍሉ ገበያ ሆነ። አፈ ጮሌ፣ ልበ ሙሉ፣ ዓይነ ደረቅ፣ እግረ ቀጭን፤ ያልተባለ የለም። ሚስተር ራጋቫን በደስታ ራሱን እየወዘወዘ ሁሉንም እንድንተረጉምለት አደረገን። መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዳችን ከቤተሰባችን አንድ ሰው መርጠን በእንዲህ ያለ ቅጽል እንድንገልጸው።

እኔ መምረጥ አላስፈለገኝም። "ልበ ደንዳናው አባቴ ፍየል ይሸጣል" ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍሁ።

በማግስቱ ሚስተር ራጋቫን የጻፍሁትን ጮክ ብሎ አነበበና ከመነጽሩ በላይ አየኝ። "ፍየል የሚሸጥ ሁሉ ልበ ደንዳና ነው?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "ይህ ቅጽል ፍርድ ነው፤ አባትሽ ምን አድርጎ ነው የተፈረደበት?"

 በዚያ ሁሉ ወንድ ተማሪ ፊት ታጭቻለሁ ማለት ሞት መሰለኝ። ደብተሬን መግለጥ ስጀምር መምህሩ እንዲህ አለ፦ "እዚህ አገር ከመጣሁ አንድም የገበሬ ቤት ገብቼ አላውቅም። እሑድ ልምጣና ይህን ሰው ልየው።" ቀልድ መስሎኝ ነበር። እየወጣሁ ሳለ ግን ጠርቶ በየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቀኝ።

ማታ ለአባቴ የነገርሁት በፍርሃት ነው። "አስተማሪዬ እሑድ እንግዳ እሆናችኋለሁ ብሏል" አልሁት።

"የትኛው? ህንዱ?"

"አዎ።"

"ምን ፈልጎ?"

"የገበሬ ቤት ማየት ነው የፈለገ።"

አባቴ እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰ። ከዚያ "ይምጣ፤ ፍየል አርዳለሁ" አለ። ይህ አልገረመኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ማረድ ወጉ ነው። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነበር፦ "እነ አያ መኮንንንም እጠራለሁ።"

አያ መኮንን ከዋጃዎቹ ጋር ያጫጩን ሽማግሌ ነበሩ። ቃሉን ያሰጡት እሳቸው፣ የሠርጉንም ቀን የቆረጡት እሳቸው። አባቴ በአስተማሪዬ ፊት ነገሩን ሊያጸና ነው ብዬ አመንሁ። እናቴ "ለእንግዳው ሽሮም ላሰናዳ፣ የውጭ ሰው አይታወቅም" ብትለው ተቆጣ። "ለእንግዳ ሽሮ? ቤቴን ልታዋርጂ ነው? ሥጋ ብቻ ይቅረብ።" አባቴ በወጥ ቤት ጉዳይ ሲገባ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

እሑድ ሚስተር ራጋቫን በጃንጥላው ሥር ብቅ አለ። የመንደሩ ልጅ ሁሉ ተከትሎታል። ቆመው ተቀበሉት፤ አያ መኮንንና አብረዋቸው የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ቦታ ለቀቁለት። እኔ ለማስተርጎም አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ስለ ማሽላው ጠየቀ፣ ስለ ጎርፉ ጠየቀ፣ አባቴም ከወትሮው የበለጠ መለሰለት። ከዚያ ማዕዱ ቀረበ። ገበታው ከዳር እስከ ዳር የፍየል ወጥና ጥብስ ነበር። እንጀራው እንኳ በመረቁ ርሶ ቀልቷል።

ሁሉም "በስመ አብ" ብለው እጃቸውን ሰደዱ። ሚስተር ራጋቫን እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

"ይብሉ እንጂ እንግዳችን" አሉ አያ መኮንን።

መምህሬ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ "ዝናሽ፣ አባትሽን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ እኔ ሥጋ አልበላም" አለኝ።

ተረጎምሁ። ማዕዱ ላይ የነበረው እጅ ሁሉ ቆመ።

"እስላም ነው እንዴ?" አሉ አንደኛው ሽማግሌ። "ታዲያ ምን ችግር አለ፣ ጎረቤት ሰይድ ይጠራና ሌላ ይረድለት!"

"አይደለም አባባ፣ ጭራሽ ሥጋ አይበላም።"

"ጭራሽ? ጤነኛ ሰው?"

"ያመዋል ወይ?" አሉ ሌላው በሐዘኔታ።

ያን ጊዜ አባቴ እጁን ከማዕዱ አነሳ። ፊቱ እንደ ጉባኤ ሰው ከበደ። "ሥጋ የማይበላ ሰው የለም" አለ ቀስ ብሎ። "እንግዳው ጉዳይ ቢኖረው ነው።"

ይህን ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ከባድ ልመና ይዞ የመጣ ሰው ማዕድ ሲቀርብለት አይበላም። "ጉዳዬ ሳይፈጸም እህል አልቀምስም" ማለቱ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ያን ሰው ጾሙን ከቤቱ ካወጣው ነውሩ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በዚህ መንገድ የደም ዕዳ የታረቀ፣ የተጣላ ባልና ሚስት የተመለሰ ስንቱ ነው። ሽማግሌዎቹ የአባቴን ቃል ሲሰሙ ሁሉም "አሃ!" አሉና ተስተካክለው ተቀመጡ። እኔ "ኧረ እውነቴን ነው፣ አይበላም!" ብል ማን ይስማኝ? እናቴ በጓዳው በር ቆማ ዓይኗን ሳትነቅል ታየናለች።

"ጠይቂው" አለኝ አባቴ። "ምን ፈልገው ነው ቤቴ የመጡት በይው።"

ጠየቅሁት። ሚስተር ራጋቫን ግራ ተጋባ። "ምንም አልፈልግም፤ ለመስተንግዶው አመሰግናለሁ በይው" አለ።

እኔም ያለውን አልሁ። "ምንም አልፈልግም ይላል።"

የአባቴ ፊት ሲለወጥ አየሁ። የተቆጣ መሰለኝ። "እንደገና ጠይቂው" አለኝ።

እንደገና ጠየቅሁት። መምህሬ በሐፍረት ፈገግ አለ። "እውነቴን ነው፣ ምንም" አለ። ይህንንም እንዳለው ተረጎምሁ። አያ መኮንን "በል እንግዲህ ካላለ ምን ይደረግ፣ እንብላ" ብለው እጃቸውን ወደ ማዕዱ መለሱ።

አባቴ ግን የአያ መኮንንን እጅ ያዘ። የሽማግሌ እጅ ሲያዝ አይቼ አላውቅም ነበር። "ይቆዩ አያ መኮንን። እንግዳ ያፍራል። ዝናሽ፣ እንዲህ በይው፦ አባቴ እርስዎ አንድ ነገር ካልጠየቁት ይህን ማዕድ ያነሳዋል፤ ማንም አይበላም።"

 እንደምንም አልሁት። ሚስተር ራጋቫን አባቴን አየ፣ የቀዘቀዘውን ሥጋ አየ፣ የተራቡትን ሽማግሌዎች አየ። ማፈሩ ከፊቱ ይነበባል። ከዚያ ትንሽ አሰበና ተናገረ።

"እንግዲያውስ አንድ ነገር አለ" አለኝ። "በየዓመቱ ከመኸር በኋላ ክፍል ስገባ ወንበሮች ባዶ ሆነው አገኛለሁ። በተለይ የሴቶቹ። የት እንደሄዱ ማንም አይነግረኝም። ልጅዎ አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ወንበሯ ባዶ እንዳይሆን እለምናለሁ በይው።"

ጆሮዬን አላመንሁም። ስለ ጥር አንዲት ቃል አልነገርሁትም ነበር! አንገቴን ደፍቼ ቃል በቃል ተረጎምሁ።  አያ መኮንን በጥርጣሬ ዓይናቸውን አጠበቡብኝ።

"ልጅቱ ከራሷ ጨምራ ቢሆንስ?" አሉ። "እኛ እንግሊዝኛውን አናውቅ!"

 በዚያ ቤት ከእኔና ከመምህሬ በቀር እንግሊዝኛ የሚያውቅ ስለሌለ ምስክር የለኝም። ሚስተር ራጋቫን ግን የነገሩን መንፈስ ከፊታቸው ያወቀ ይመስለኛል፤ ከገበያ በለቃቀማት አማርኛ "ትምህርት… እስከ አሥራ ሁለት… እባክዎ" አለ፤ ሁለት እጁንም አንድ ላይ አድርጎ ለአባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ።

አባቴ ተነስቶ ቆመ።

"አያ መኮንን፣ ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ። ቃልህስ ወዳጆ?"

"ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ አልካድሁም። ግን እንግዳ ከማዕዴ ጾሙን ከሚነሳ የኔ ስም በክፉ ቢነሳ ይሻላል። ለዋጃዎቹ ንገሩልኝ። አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ልጄን አልሰጥም። የሚጠብቁ ከሆነ ይጠብቁ፤ ካልሆነ ቀንቷቸው ለሌላ ይዳሩ።"

አያ መኮንን ጢማቸውን ጎተቱ። ወጉን ያስተማሩን እነሱ ራሳቸው ናቸው። "እንግዳ ከገባበት ምን ይባላል" አሉ በመጨረሻ፣ እንደ መረረው ሰው።

"ተፈጽሟል፤ እንግዲህ ይቅመሱ" አለ አባቴ ወደ መምህሬ ዞሮ። ወይ ጉድ! አሁንም ካልበላ ሁሉም ሊፈርስ ነው። እናቴ ግን ከጓዳ ብቅ አለች፣ ቅል ሙሉ ወተት ይዛ። ሚስተር ራጋቫን ወተቱን በሁለት እጁ ተቀብሎ አንድ ጠብታ ሳያስቀር ጠጣው። እናቴ እልል አለች። እኔ ማልቀሴን ያወቅሁት እንባው አንገቴ ላይ ሲደርስ ነው።

ወደ መንገዱ ስሸኘው ሁሉንም ነገርሁት፤ ጥርን፣ ዋጃን፣ የማዕዱን ወግ። ባለበት ቆመ። ጃንጥላውን አጠፈና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ሥጋ አልበላም ብቻ ነው ያልሁት" አለና እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት ስለ ጻፍሁት ዓረፍተ ነገር አነሳ።

"እንዲህ ያለውን ቅጽል ከሰው ስም ፊት ስታስቀምጪው ተቀምጦ ይቀራል" አለኝ። "መጀመሪያ ሰውየው ያደረገውን ጻፊ። ጽፈሽ ስትጨርሺ ቃሉ አሁንም ያስፈልጋል ወይ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ።"

"ታዲያ አሁን የትኛውን ቅጽል ልጠቀም?"

"ምንም። ዛሬን ብቻ ጻፊልኝ።"

ጻፍሁለት። እስካሁን ድረስ የማስተምረው ይህን ነው፤ ተማሪዎቼ ግን ከትርጉሙ በላይ ስለ ፍየሉ ነው የሚጠይቁኝ።

ዋጃዎቹ አልጠበቁም፤ በዚያው ጥር ልጃቸውን ለሌላ ዳሩ። አባቴ ግን ዋጋ ከፈለ። ገበያ ላይ "ቃሉን ያጠፈው ወዳጆ" ይሉት ጀመር። ለብዙ ጊዜ ለሽምግልና የሚጠራው ጠፋ። ሰው ሲታረቅ እሱ ከፍየሎቹ ጋር ይውላል። አንድ ቀንም ሲያማርር አልሰማሁትም። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የመምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ከዚያም ጎብዬ ተመደብሁ። ለጓደኞቼ ታሪኬን ሳወራ ሁልጊዜ "ያተረፈኝ ስህተት ነው" እላቸው ነበር። አባቴ ወጉን ፈርቶ ለቀቀኝ እንጂ ለኔ አስቦ አልመሰለኝም ነበር። ይህንን እያመንሁ ዓመታት አለፉ፤ ድርቁም መጥቶ ብዙ ሰው፣ ብዙ ከብት ወስዶ ሄደ።

ከድርቁ በኋላ፣ ደርግ ገና ሳይወድቅ፣ ለዕረፍት ቤት ሄጄ ነበር። አባቴ አርጅቷል። ቁርቁራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን የተረፉትን ጥቂት ፍየሎች እናያለን። ደስ ብሎኝ ስለነበር እንዲስቅ ብዬ ነገሩን አነሳሁት።

"አባዬ፣ ያ አስተማሪዬ እኮ ጉዳይ ኖሮት አልነበረም። ህንዶች ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው ሥጋ አይበሉም። ያኔም ብነግራችሁ አላመናችሁኝም።"

አባቴ ወደ ፍየሎቹ እያየ "ዝናሽ" አለኝ፣ "እኔ ቆቦ ገበያ ፍየል ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ያ ህንድ እዚያ ሲኖር አንድ ቀን ሥጋ ሲገዛ የታየ ይመስልሻል? ባለ ልኳንዳዎቹ ሲስቁበት ነበር የሚውሉት።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ብድግ ብዬ ቆምሁ። "እያወቅህ ነው ያረድኸው?"

"ቃል ሰጥቻለሁ። ለነ መኮንን 'ልጄ መማር ትፈልጋለች' ብል ይስቁብኝ ነበር። እንግዳ ጾሙን ዋለብኝ ካልሁ ግን ማን አፉን ይከፍታል?"

"እናቴስ?"

"ወተቱን ማን የደበቀ መሰለሽ?"

ሳቅም ልቅሶም አንድ ላይ መጣብኝ። "ለምን አልነገርኸኝም? ይህን ሁሉ ዓመት!"

"ብነግርሽ በማግስቱ ቆቦ ይሰማ ነበር።" እውነቱን ነው። አፌን ታውቁታላችሁ።

ከዚያ አንድ ነገር አሰብሁና ደነገጥሁ። "ግን አባዬ፣ እሱ ምንም አልፈልግም ብሎ ቢቀርስ ኖሮ? ሁለት ጊዜ እንዲያ ብሎ ነበር እኮ!"

አባቴ ዞሮ አየኝ። "አስተርጓሚዋ አንቺ አልነበርሽ?" አለኝ። "እኔ የተማመንሁት በአንቺ ነበር። የፈለግሽውን ትጨምሪያለሽ ብዬ። አንቺ ደግሞ ያ ሁሉ አፍ ኖሮሽ፣ ያን ቀን ብቻ አንዲት ቃል አልጨምር አልሽ።"

አንባቢዎቼ፣ "እንደገና ጠይቂው" ሲለኝ ፊቱ የተለወጠው ከቁጣ መስሎኝ ነበር። ያን ዕለት በዚያ ቤት ውስጥ ከሁላችን ይበልጥ የፈራው እሱ ነበር።